ጠብ እንዳይል ብዬ ያስተማርኩት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ቱታው አይበቃኝም። ዚፑ ሆዴ ላይ ሲደርስ አልዘጋ አለ። ሰብለ አይታ፣ «አርግዘህ ነው እንዴ ጋራዥ የምትሄደው?» አለችኝ። ሚስቴ ማሾፍ ከጀመረች ምሕረት የላትም። እኔ ግን ለሳቅ አልነበርኩም። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ፣ «አሠልጣኝ ይበልጣል የሥራ ቦታ ልምድ እንዲቀስም» የሚል ደብዳቤ ተጽፎልኝ ሲቀላ ሰፈር ወዳለ የውሃ ፓምፕ ጥገና ቤት ተላክሁ። «እንዲቀስም» የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ንብ አደረጉኝ።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያየው ስለሌለ እውነቱን ልጻፍ። ከደብረ ማርቆስ አርባ ምንጭ ለትምህርት መጣሁ፣ ተመረቅሁ፣ በሦስተኛው ወር ኮሌጅ ተቀጠርኩ። በመሃል አንድም ቀን ሰው የሚፈልገውን ፓምፕ ፈትቼ አላውቅም። ሰሌዳ ሳይ ኖሬ፣ ዞር ብዬ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርኩ፣ በቃ።

የጥገና ቤቱ ባለቤት ጋሽ ማርቆስ ይባላሉ። ስድሳን የተሻገሩ የጋሞ ሰው ናቸው። ደብዳቤዬን ተቀብለው ሳያነቡ የግራሶ ጣሳ ሥር ሸጎጡት። «ሳሮ፣ ሳሮ ቲቸር!» አሉኝ። ሰላም ማለታቸው ነው፤ ከዚህ በላይ ጋሞኛ ብዙም አልዘልቅም። ቀጥለው፣ «እዚህ ሞጁል የለም። እጅ ብቻ ነው ያለው» አሉ።

የዛሬ ሥራዬ፦
ወለል ጠረግሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ እጄን የማደርግበት ባጣ ነው።
ሁለት ብሎን ፈታሁ። አንዱ ተሰበረ።
ስለ ፓምፕ ብቃት ስሌት ማብራሪያ ሰጠሁ። የሰማኝ የለም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ነው እንግዲህ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ረፋዱ ላይ ከላንቴ ቀበሌ አንድ ትልቅ የመስኖ ፓምፕ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ይዞት የመጣው አቶ ዘነበ የሙዝ ገበሬዎቹ የመስኖ ማኅበር ጸሐፊ ነው። ጋሽ ማርቆስ ፈትተው ሻፍቱን፣ መሃል የሚሽከረከረውን ዘንግ፣ አወጡት። ወገቡ ላይ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቆፍሮበታል። ውሃ እንዳያፈስስ ዙሪያውን የተጠመጠመው የፓኪንግ ገመድ ከስሏል።

«ታንቃ ነው የሞተው» አሉ ጋሽ ማርቆስ።

እሳቸው አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ያቀላቅላሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በልቤ አርም ነበር። ዛሬ ትርጉሙ ላይ ነው የቆምኩት። ማን አነቀው? አልኳቸው።

«ያጠበቀው ሰው ነዋ! ይሄ ገመድ ውሃ ይጠጣል። ካልጠጣች ይቃጠላል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ማለት አለባት። ጠብታውን ከዘጋህ አንቀኸዋል።»

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ተቃራኒውን ነው። ፓምፕ ጠብ እንዳይል!

አቶ ዘነበ ደግሞ ቀጠለ። «አንዷ የኮሌጅ ልጅ ናት እንዲህ ያደረገችው። አየለች ትባላለች። ነባሩ ኦፕሬተር ‹ተዪው፣ ትንሽ ይንጠብጠብ› ቢላት አሻፈረኝ ብላ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። በዚህ ፀሐይ ሙዛችን ዘጠኝ ቀን ውሃ አላገኘም። ከሥራ አስወጣናት። ስሕተቱስ ስሕተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። ያናደደን ውሸቷ ነው። ጉባኤ ፊት ቆማ ‹መምህሬ ነው ጠብ እንዳይል ብሎ ያስተማረኝ› አትልም? መምህር ላይ ትዋሻለች!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ መምህር መሆኔን ጋሽ ማርቆስ ነግረውታል። «እስቲ እርስዎ ቲቸር፣ እዚያው ኮሌጅ ነዎት። መምህር እንዲህ ብሎ ያስተምራል?»

ሁሉም አየኝ። ጋሽ ማርቆስም ሻፍቱን እንደያዙ ቀና አሉ።

«አይመስለኝም» አልኩ።

አየለች ተማሪዬ ነበረች። አምና ነው ያስመረቅኋት። አቶ ዘነበ ይህን አያውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አሞኛል ብዬ ጋራዥ ሳልሄድ ቀረሁ። ያመመኝ ነገር የለም።

ጧት የማስተማሪያ ወረቀቶቼን አልጋው ላይ ዘረገፍኳቸው። ምናልባት አንድ ቦታ ላይ «እንደ ፓምፑ ዓይነት ይለያያል» ብዬ ጽፌ ይሆናል ብዬ ነው። አልጻፍኩም። የጻፍኩት ይኸውና፦ «ጠብ የሚል ፓምፕ ያልተጠገነ ፓምፕ ነው።» በደማቁ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት። ተማሪዎቹ እየዘመሩ ያጠኑት ነበር። የተግባር ፈተናው ማረሚያ ላይም አለ፦ አንዲት ጠብታ ከታየች አሥር ነጥብ ይቀነሳል።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አሁን ገብቶኛል። ያነበብኩት መጽሐፍ የሚያወራው ስለ ሌላ ዓይነት ፓምፕ ነው፤ ሻፍቱ በፋብሪካ ማሸጊያ የተዘጋ፣ እውነትም ጠብ ማለት የሌለበት። እኔ ለገመዱም ያው ነው ብዬ ደመደምኩ። ማን ይከራከረኛል? የኮሌጃችን ማሠልጠኛ ፓምፕ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ውሃ የሚያየው በፈተና ሰሞን ከበርሜል ሲቀዳለት ነው፣ እሱም አምስት ደቂቃ ቢሠራ ነው። በአምስት ደቂቃ ደግሞ ምንም አይቃጠልም።

ይህን እያሰብኩ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፣ ባይለኝ በወደድኩ። አየለች በፈተናዋ ቀን እጇን ገመዱ ባለበት የፓምፑ አንገት ላይ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ እየሞቀ እኮ ነው። ትንሽ ላላላው?» ብላኝ ነበር። እኔም «የሚሠራ ነገር ይሞቃል፣ ፈተናሽ ላይ አተኩሪ» አልኳት። የክፍሉ ሰው ሳቀ። እጇ ያወቀውን እኔ በአፌ አስረሳኋት።

ከሰዓት ለዲፓርትመንት ኃላፊያችን ደወልኩ። ስለ አየለች አላነሳሁም፣ ሞጁሉ ላይ ስሕተት አለ ብቻ አልኩ። «አንተ ደግሞ ነገር አታክብድ፣ ዝም ብለህ አስተካክለው። ማን ያየዋል?» አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ቅልል አለኝ። ቅልል ስላለኝ አፈርኩ።

ሰብለ ምን ሆንክ አለች። ራሴን አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ተመለስኩ። ጋሽ ማርቆስ ምን ሆነህ ነው አላሉም። ከጫኖ የመጣ አነስ ያለ ፓምፕ አቀረቡልኝና «ገመዱን አንተ ጠምጥም» አሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ገመዱ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይቆረጣል፣ ጫፎቹ ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ እያዛነፉ ይገባል። ከዚያ ገመዱን የሚጫኑት ዳዶዎች በቁልፍ አይጠብቁም፣ በጣት ብቻ። ፓምፑ ይነሳል፣ መጀመሪያ ውሃ ያፈስሳል፣ ይፍሰስ ይባላል። ቀስ በቀስ፣ ሩብ ዙር በሩብ ዙር ይጠብቃል። መቼ ይበቃል? ጋሽ ማርቆስ ሰዓት የላቸውም። አጎንብሰው ለእያንዳንዷ ጠብታ ሰላምታ ይሰጣሉ። «ሳሮ» ጠብ። «ሳሮ» ጠብ። ሳሮውን ሳይጨርሱ ጠብ ካለች በዝቷል፣ ብለው ሲጨርሱ ጠብ ካላለች ታንቋል።

እኔም አጎንብሼ ሳሮ፣ ሳሮ አልኩ። በሦስተኛው ሙከራ ልክ መጣልኝ። እጄን አንገቱ ላይ አደረግሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ደስ አለኝ! እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምረው የነበረውን ነገር ዛሬ ገና ሠራሁት። ወዲያው አየለች ትዝ አለችኝ።

ከሰዓት አስፈቅጄ ፍለጋ ወጣሁ። አብራት የተማረች ልጅ፣ አየለች ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት የሙዝ ማሳዎች አንዱ ጋ እየሠራች እንደሆነ ነገረችኝ። አገኘኋት። ሙዝ በትከሻዋ ተሸክማ ጋሪ ላይ ትጭናለች። ሻሿ በሙዝ ወተት ጠቁሯል። ከክፍሉ አንደኛ የወጣች ልጅ ናት።

ስታየኝ ደነገጠች። ሙዙን አውርዳ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና አንገቷን ሰበረች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን፣ «ቲቸር፣ ሰምተው ነው የመጡት አይደል? ስምዎትን ባልጠራም መምህሬ ብዬ አንስቼዎታለሁ። ሲጨንቀኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ይቅር ይበሉኝ! እሷ! እኔን!

«ምንም አይደለም» አልኩ። ሌላ ብዙ ነገር ልል ነበር፣ የወጣልኝ ይኸው ነው። ይቅር አልኳት እኮ። ጭራሽ ይቅር ባይ ሆኜ ተመለስኩ። ባጃጅ ውስጥ ራሴን በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ለጋሽ ማርቆስ ነገርኳቸው። የላንቴው ሻፍት ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካክሎ ተመልሷል፣ አብረን ስንገጥመው ነው የነገርኳቸው፣ ፊታቸውን ላለማየት። ጠብ እንዳይል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አልዋሸችም። ማክሰኞ «አይመስለኝም» ያልኩት እያወቅሁ ነው።

አልደነገጡም። «አውቄያለሁ» አሉ። «ማክሰኞ ጆሮህ ቀላ።»

ለምን ዝም አሉ ታዲያ? አልኳቸው፣ በቁጣ ቢጤ። ቁጣው እሳቸው ላይ እንዳልነበር ያውቃሉ።

«የእኔ አይደለማ። ጎሜ የሠራ ሰው ራሱ ነው የሚናገረው። ሌላ ሰው ቢናገርልህ አይወርድልህም።»

ጎሜ የሚሉት በጋሞ ክልክል የሆነ ጥፋት ነው። ተደብቆ ከቆየ በሰውየው አይቆምም፣ በቤቱም በመንደሩም ይዞራል ይላሉ። ዝናብ ሲጠፋ፣ ከብት ሲታመም፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ማን ምን ደበቀ ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ አገር ስኖር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ጋሽ ማርቆስ ራሳቸው የቸርች ሰው ናቸው፣ እሑድ እሑድ መዝሙር ይመራሉ፣ ይህን ሲሉ ግን አልሳቁም።

ካህን አለኝ፣ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ አልኩ።

«ተናገር፣ ጥሩ ነው። ግን ሙዙ የደረቀበት የንስሐ አባትህ ነው? ላንቴ ነው የምትናገረው፣ እሷ ቆማ ውሸታም የተባለችበት ቦታ ላይ።» ትንሽ ሠርተው ደግሞ፣ «እኔ ልጅ ሆኜ ሦስት ሻፍት አቃጥያለሁ» አሉኝ። «በራሴ እጅ። ሲቃጠል ሸተተኝ፣ ተማርኩ። አንተ ግን ቲቸር፣ በሰው እጅ ነው ያቃጠልከው። ሽታው ለአንተ አልደረሰም።»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ወጥቼ ፊቴን ስታጠብ ሳሙናውን አቀበሉኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ለሰብለ ነገርኳት። አሁን ታሾፍብኛለች ብዬ ነበር። «ልጅቷ አሁን ምን እየሠራች ነው?» ብቻ አለች። ሙዝ ትሸከማለች አልኳት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

የምጠብቀው ይኼን ነው፦
ኮሌጁ ቢሰማ ይጠሩኛል።
ያስተማርኳቸው ሁሉ ቢሰሙ ይስቁብኛል። የሚስቁትስ ደኅና፣ እንደ አየለች የተባረሩ ሌሎችም ቢኖሩስ?
ገበሬዎቹ ሊቆጡ ይችላሉ። ያን ሁሉ ቀን ያለ ውሃ መቆየት ቀላል አይደለም።
እሷ ትጠላኛለች። ከሁሉ ይህን እፈራለሁ። ከክፍሉ ሁሉ ዓይኗን ሳትነቅል የምትሰማኝ እሷ ነበረች።

አቶ ዘነበ ጋ ደወልኩ። ነገ ከቸርች መልስ ጉባኤ አላቸው፤ ፓምፑ ተጠግኖ ስለገባ ስለ ውሃ ተራ ይነጋገራሉ። ስለ አየለች የምናገረው አለኝ አልኩት። «ምን፣ ሊያማልዱላት ነው?» አለ። ምልጃ አይደለም አልኩት።

ከዚያ ኩልፎ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ እሷ ከመናገሯ በፊት ተናገርኩ፣ ቆሜ፣ ጋሪ የሚጭኑት ሰዎች እየሰሙ። አንቺ ልክ ነሽ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ገመዱ ጠብ ማለት አለበት። ማክሰኞም ስጠየቅ ካድኩሽ።

ሙዙን አውርዳ አየችኝ። የማከብራትን ያህል ፈራኋት። «ሞቆ ነበር እኮ» አለች። «ላንቴም ሞቆ ነበር። እጄን አቃጠለኝ። ቲቸር የሚሠራ ነገር ይሞቃል ብሏል ብዬ ተውኩት።»

ነገ ላንቴ ጉባኤው ፊት ይህንኑ እናገራለሁ፣ ትመጪያለሽ? አልኳት። ሙዟን ተሸከመች።

እሑድ፣ የካቲት 9

መጣች። ቀድማኝ ነበር የደረሰችው፣ ሴቶቹ ጋ ከዳር ተቀምጣለች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆናለች።

ጉባኤው ከፓምፑ ቤት አጠገብ ትልቁ ዛፍ ሥር ነው። ሠላሳ ሰው ቢሆን ነው። ጋሽ ማርቆስም መጥተው ፓምፑን አስነስተው አጠገቡ ቁጢጥ ብለዋል። አቶ ዘነበ ስሜን ሲጠራ ተነሣሁ። ለአሥራ አንድ ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሳልቀባባ ተናገርኩ። የአየለች መምህር እኔ ነኝ። ጠብ እንዳይል ያልኳት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ፓምፕ ሠርቼ ሳላውቅ ነው ያስተማርኩት። ሞቀ ስትለኝ ዝም በይ አልኳት። አቶ ዘነበ ሲጠይቀኝም «አይመስለኝም» ብዬ ዋሸሁ። እሷ እዚህ ቆማ የተናገረችው እውነት ነው፣ ውሸታሙ እኔ ነኝ። ማሳችሁ ውሃ የተጠማው በእኔ ነው። ይቅር በሉኝ።

ብዙ ሰው በአማርኛ አልሰማም፣ አቶ ዘነበ በጋሞኛ ደገመው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተዋረድኩ፣ አንዱ በማላውቀው ቋንቋ። «አይመስለኝም» የምትለዋን በአማርኛው እንዳለች ሲደግማት ድምፁ ወረደ። ለካ እሱም ያንን ቃል ተቀብሎ ነው የሄደው።

መጀመሪያ የሳቀው ነባሩ ኦፕሬተር ነው። «ሳይሠሩ ማስተማር ይቻላል እንዴ?» አለ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ክፋት ግን አልነበረውም። አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። ተነሥታ በጋሞኛ ረጅም ነገር ተናገረች፣ እጇን ወደ ማሳዋ እየጠቆመች። ማንም አልተረጎመልኝም። አላስፈለገም።

ቀጥሎ አንድ አዛውንት ቆሙ። የገሠጹት እኔን አልነበረም፣ ጉባኤውን ነው። «ልጅቱን ውሸታም ያልነው እኛ ሁላችን ነን። መምህር አይሳሳትም ያልን እኛ ነን። እንግዲህ እኛም እዳ አለብን» አሉ። ከዚያ ወደ አየለች ዞረው ይቅር በይን አሏት፣ ሠላሳው ሰው ተከትሎ አለ። አየለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ስለ ሥራዋ በሚቀጥለው ስብሰባ እንወስናለን ብለዋል። ይመልሷት አይመልሷት ገና አልታወቀም።

እኔንም ይቅር ብለናል አሉኝ። በጋሞ ወግ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ነጭተው አስጨበጡኝ። የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቀለለኝ፣ ዋሽቼ አልጽፍም፣ ግን እንዳሰብኩት አይደለም።

አስፋልቱ ዳር ታክሲ ስጠብቅ አየለች ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እሷም ወደ ከተማ ነው። አላመሰገነችኝም፣ ማመስገንም የለባትም። ሁለት ታክሲ ሞልቶ አለፈን። ከዚያ መንገዱን እያየች፣

«ቲቸር፣ ሌላስ?» አለች።

ምን ሌላ? አልኳት።

«ሁለት ዓመት ነው ያስተማሩኝ። ሌላስ የተሳሳተው የቱ ነው?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ስለ ኩሽኔታ አሰብኩ፣ ስለ ቫልቭ፣ ስለ ሞተር አነሳስ። የቱን ሠርቼ አይቼዋለሁ? የቱን ከወረቀት ብቻ ነው የማውቀው? «አላውቅም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፣ የጠበቀችው መልስ ይመስላል። «ደብተሬን አልጣልኩትም» አለች። «ነገ ሁለት ሰዓት ጋሽ ማርቆስ ጋ ይዤ እመጣለሁ። እያንዳንዱን እየሠራን እናየዋለን። ልክ ያልሆነውን እሰርዛለሁ።»

ጠይቃኝ አይደለም፣ አዝዛኝ ነው። እሺ አልኩ። ታክሲው መጣ፣ እሷ ከፊት ገባች፣ እኔ ከኋላ።

የአየለች ደብተር ወፍራም ነው፣ አስታውሰዋለሁ። ከአፌ የወጣ አንድም ቃል አያመልጣትም ነበር። ሁሉንም ጽፋዋለች። ፈርቻለሁ።